በአዊ ጢስ ውስጥ ያለ ሃይድሮጂን

ከዳንግላ ተነሥቶ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ እንጅባራ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ፣ በግራም በቀኝም በመሥመር የተተከለውን፣ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ደን፣ በደኑም ጥግ ከአፈር ክምር ሥር እየተጐተተ የሚወጣውን ነጭ ጢስ፣ ከአስፋልቱም ዳር ገዥ የሚጠብቀውን የከሰል ጆንያ ሳያይ አያልፍም። ይህን ጢስ ያየ ሁሉ ዓይኑን እያሻሸ የመኪናውን መስኮት ይዘጋል እንጂ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲመራመሩበት የኖሩት፣ ከጋዞች ሁሉ ቀላል የሆነው ሃይድሮጂን በዚያ ጢስ ተቀላቅሎ ወደ ሰማይ እንደሚያርግ አያስብም። ዛሬ በባሕር ማዶ ሃይድሮጂንን በማይክሮዌቭ ሞገድ እያጋሉ፣ ከሰጡት ኀይል የሚበልጥ ኀይል ይመልስላቸው እንደ ሆነ ለማወቅ የሚደክሙ ሰዎች አሉ፤ በአዊ ምድር ደግሞ ይህንኑ ጋዝ ሳያውቁት በየዕለቱ የሚበትኑ ከሰል አክሳዮች አሉ። ሁለቱ ሙያዎች በቦታም በዕውቀትም ቢራራቁ ዳኛቸው አንድ ነው፤ ይኸውም የገባውንና የወጣውን ሳያዳላ የሚቈጥር ሚዛን ነውና፣ ታሪካቸውን አንድ ላይ ማውሳት ያለ ምክንያት አይደለም።

አዊ፣ ማለት የሰባት ቤት አገው አገር፣ ከጥንት ጀምሮ በፈረሱና በእርሻው ይታወቃል እንጂ በከሰል አይታወቅም ነበር። የዘንገናና የጥርባ ሐይቆች የተኙባቸው ጕድጓዶች የእሳተ ገሞራ አፍ ስለ ነበሩ፣ ምድሩ ራሱ ከእሳት የተወለደ ቢሆንም፣ የውጭ ሰዎች ወደዚህ አገር ሲመለከቱ ያዩት እሳቱን ሳይሆን ውኃውን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሮበርት ቺዝማን፣ የጣናን ሐይቅና የዓባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ ዞሮ ያየውን ጽፎ በ1936 መጽሐፍ አድርጎ ሲያወጣ፣ የመንግሥቱም ሆነ የእርሱ ዓይን ያረፈው በሐይቁና በወንዙ ላይ ነበር። የአገሩ ሰው ግን የሚሞቀውንና የሚያበስልበትን ከአካባቢው ደን እየቈረጠ ሲኖር፣ ደኑ ቀስ በቀስ ሳስቶ በየደብሩ ቅጽር ከተጠለሉት ጽድና ወይራ በቀር ብዙ የማይቀርበት ዘመን ደረሰ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍ እየተዛመተ መጥቶ ጥቂት ቢያሳርፍም፣ የአዊን ደጋ መልክ የለወጠው ከእርሱ በኋላ የመጣው ሌላ ዛፍ ነው፤ የሚያስደንቀውም ሁለቱ ዛፎች የአንድ አገር፣ የአውስትራልያ፣ ተወላጆች መሆናቸው ነው።

ይህ ሁለተኛው ዛፍ ሊቃውንት አካሽያ ዲከረንስ የሚሉት፣ ገበሬውም አሳጥሮ ዲከረንስ የሚለው የግራር ወገን ነው። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ መሬቱ በዝናብ ብዛት ታጥቦ አሲድ በዝቶበት፣ ጤፍና ገብስ ዘሩን እንኳ የማይመልስበት ማሳ በበዛ ጊዜ፣ ገበሬው ችግኙንና ጤፉን በአንድ ዓመት፣ በአንድ ማሳ ማዋል ጀመረ። በመጀመሪያው ክረምት ጤፉ በችግኞቹ መካከል ተዘርቶ ይታጨዳል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት በዛፎቹ ሥር የበቀለው ሣር ለከብት ይታጨዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቈርጦ ይከስላል፤ ከዚያም በኋላ መሬቱ ዐርፎና ለምቶ ስለሚገኝ እንደ ገና ጤፍ ይዘራበታል። ይህን ሥርዐት ማንም ባለሥልጣን በአዋጅ አላመጣውም፤ አንዱ ገበሬ የሌላውን ማሳ እያየ፣ የጆንያውን ዋጋ ከጤፉ ዋጋ ጋር እያስተያየ ያስፋፋው ነው። ከሰል በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል የደን ጠላት ተብሎ ሲወገዝ፣ እዚህ ግን ሰው ለከሰል ብሎ ደን ተከለ፤ ነገሩን በጥሞና ለሚያየው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አክሳዩ ሥራውን የሚሠራው እንዲህ ነው። ግንዱንና ቅርንጫፉን በልክ እየቈረጠ በተደለደለ መሬት ላይ ያጋድመዋል፤ ወፍራሙን ከመካከል፣ ቀጭኑን ከዳር አድርጎ ከከመረ በኋላ በቅጠልና በሣር ይሸፍነዋል፤ በላዩም አፈር ይመልስበታል። እሳቱን በአንድ ወገን ከለኰሰ በኋላ የሚጠብቀው ነበልባልን ሳይሆን ጢስን ነው። በመጀመሪያ የሚወጣው ጢስ ከባድና ነጭ ሲሆን እጅ ቢጠጋበት እርጥበት ይተዋል፤ ይህ እንጨቱ የያዘው ውኃ ነው። ቀጥሎ ጢሱ እየከረረ፣ ዓይንና ጉሮሮ የሚይዝ፣ ሽታውም እንደ ኾምጣጤ የሚቈጠቍጥ ይሆናል፤ በመጨረሻ ቀጥኖ ወደ ሰማያዊነት ሲያደላ አክሳዩ እንጨቱ እንደ ከሰለ ዐውቆ ቀዳዳውን ሁሉ በአፈር ይደፍናል። ክምሩ በአንድ ጎኑ ቢሰነጠቅና ነፋስ ቢገባው፣ የአራት ዓመት ድካም በአንዲት ሌሊት ዐመድ ሆኖ ያድራል፤ ስለዚህ አክሳዩ ከክምሩ አጠገብ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል፤ ስንጥቅ ባየ ቍጥርም እየተነሣ አካፋውን ያነሣል።

አሁን ሒሳቡን እንይ። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ የሚሆነው ካርቦን ሲሆን፣ ከመቶው ስድስት ያህሉ ሃይድሮጂን፣ የቀረው አብዛኛው ኦክስጅን ነው። መቶ ኪሎ ደረቅ እንጨት በአፈር ክምር ቢከስል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ይገኛል፤ በዚህ ከሰል ውስጥ የሚቀረው ሃይድሮጂን አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ከአምስት ኪሎ የሚበልጠው በጢሱ ሄዷል ማለት ነው፤ የሚበዛው ከእንጨቱ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የውኃ እንፋሎት ሆኖ፣ ከፊሉም በኾምጣጤው አሲድ፣ በሬንጅና ሚቴን በተባለው ጋዝ ውስጥ ታስሮ፣ ጥቂቱ ደግሞ ራሱን ችሎ ንጹሕ ሃይድሮጂን ሆኖ ይወጣል፤ እሳቱ በጋለ መጠንም ይህ የመጨረሻው ድርሻ ይጨምራል። አንድ ኪሎ ከሰል ከአንድ ኪሎ እንጨት ሁለት እጥፍ ያህል ሙቀት ቢሰጥም፣ ከመቶው ኪሎ እንጨት የተረፈው ከሰል ከሃያ ኪሎ የማይበልጥ ስለሆነ፣ ከእንጨቱ ሙቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከሰሉ የሚሸጥበት አዲስ አበባ ሳይደርስ በፋግታ ሰማይ ላይ ጠፍቷል።

ይህን ጢስ መልሶ ማንደድ እንደሚቻል ፈረንሳዊው ፊሊፕ ለቦን በ1799 በመንግሥት በተመዘገበ ፈጠራው አሳይቷል፤ እንጨትን በተዘጋ ዕቃ እያጋለ የሚወጣውን ጋዝ ለመብራትና ለሙቀት አዋለው። በዚያው ዘመን እንግሊዞች ከድንጋይ ከሰል ተመሳሳዩን ጋዝ እያወጡ ጎዳናቸውን አበሩ፤ የአውሮፓ ከተሞች በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሌሊቱን ያበሩበት ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሃይድሮጂን ነበር። ሃይድሮጂን የነገ ነዳጅ ነው እየተባለ ሲወራ የሚሰማ ሰው፣ የትናንት ነዳጅም እንደ ነበረ ቢያውቅ አይጎዳም።

የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ፍጥረት ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ እንደ ተገኘ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ሃይድሮጂን ደግሞ በነፋስ መልክ ተገኝቶ፣ እሳት ሲነካው ነዶ፣ ውኃ ሆኖ የሚያልቅ በመሆኑ፣ ሦስቱን ባሕርያት በአንድ ሥራ የሚያገናኝ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1766 ከብረትና ከአሲድ ያወጣውን ይህን ጋዝ ከሌላው አየር ለይቶ መዘነው። በነሐሴ ወር 1783 ፈረንሳዊው ዣክ ሻርል ሃይድሮጂን የሞላበትን ፊኛ ከፓሪስ ለቀቀ፤ ፊኛው ጎኔስ በምትባል መንደር ሲወርድ ባላገሮቹ ሰይጣን የወረደ መስሏቸው በመንሽና በቢላዋ ቀዳደዱት። እንጅባራ ቢወርድ ኖሮ ምን ይገጥመው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም፤ ጠበልም ሳይረጭበት አይቀርም ነበር።

ከሃይድሮጂን ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ሙቀት ታየ የሚለው ወሬ ግን የዛሬ አይደለም፤ ከሁሉ የሚያስተምረውም የመጀመሪያው ነው። ኧርቪንግ ላንግሚውር በ1909 በአሜሪካ በስከነክተዲ ከተማ ወደ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ገብቶ የመብራት አምፑልን ሲያጠና፣ የተንግስተን ሽቦ በሃይድሮጂን ውስጥ ሲግል የሚወጣውን ሙቀት ለካ። ሽቦው እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ሲግል ሙቀቱ ሕጉ በሚያዝዘው መጠን ወጣ፤ ከዚያ በላይ ሲግል ግን በሌሎች ጋዞች ከሚታየው እጅግ በሚበልጥ ፍጥነት ከሽቦው ይፈስስ ጀመር። በዚያች ሰዓት ሌላ ሰው ቢሆን አዲስ የኀይል ምንጭ አገኘሁ ብሎ ደወል በደወለ ነበር። ላንግሚውር ግን ሒሳቡን እስኪዘጋ አልተናገረም፤ በመጨረሻም በ1912 ያሳወቀው ምክንያት ይህ ነው፤ ሃይድሮጂን በተፈጥሮው ሁለት ሁለት አቶም ሆኖ ተጣምሮ ይኖራል፤ የጋለው ሽቦ ጥንዱን ይፈታዋል፤ ለመፍታትም ብዙ ሙቀት ይወስዳል፤ የተፈቱት አቶሞች ራቅ ብለው ሲሄዱ እንደ ገና ይጣመሩና የወሰዱትን ሙቀት በዚያ ይመልሳሉ። የጠፋ የለም፤ የተረፈም የለም፤ ነገሩ እንደ ዕቁብ ነው፤ በአንዱ ቤት የተከፈለው በሌላው ቤት ይወጣል። ይህንኑ ዕውቀት ይዞ በ1920ዎቹ ከ3,000 ዲግሪ በላይ የሚያግል የብየዳ መሣሪያ ሠራ፤ በ1932 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ያው ሰው በታኅሣሥ ወር 1953 ባደረገው ንግግር፣ ቅን ሊቃውንት እንኳ መለኪያቸው ሊደርስበት በማይችል ጫፍ ላይ ያለን ነገር እያዩ፣ የሚመኙትን እንዳዩ አድርገው እንዴት እንደሚታለሉ በዝርዝር አስረዳ። ትርፍ የመሰለውን ሙቀት በእጁ ይዞ ያልተታለለ ሰው ስለ መታለል ሲናገር ቃሉ ይከብዳል።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ እንዲህ የታደሉ አልነበሩም። በ1926 በበርሊን ፍሪትዝ ፓኔትና ኩርት ፔተርስ፣ ፓላዲየም የተባለው ብረት የመጠጠው ሃይድሮጂን ወደ ሂልየም እንደ ተለወጠ አስታወቁ፤ ዳሩ ግን የመሣሪያቸው መስተዋት በሃይድሮጂን ውስጥ ሲሞቅ አምቆ የያዘውን ሂልየም እንደሚለቅ በደረሱበት ጊዜ ራሳቸው ቃላቸውን አነሡ። በመጋቢት 1989 ደግሞ ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ በአሜሪካ በዩታ ከተመሳሳዩ ብረትና ከከባድ ሃይድሮጂን በኬሚስትሪ ሊተረጐም የማይችል ሙቀት አገኘን ብለው ጋዜጠኞች ሰበሰቡ፤ ዓለም ለጥቂት ሳምንታት ተናወጠ፤ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሊደግሙት ስላልቻሉም ነገሩ ቀዘቀዘ። ጉግል ገንዘብ የሰጠው የተመራማሪዎች ቡድን ብዙ ዓመት ደክሞ በ2019 ባሳተመው ዘገባም የተባለውን ሙቀት እንዳላገኘ ተናግሯል።

ማይክሮዌቭ ወደዚህ ታሪክ የገባው በጦርነት በር ነው። ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት በየካቲት 1940 በበርሚንግሃም ለራዳር የሠሩት፣ ማይክሮዌቭ የሚያመነጨው ማግኔትሮን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በአሜሪካዊው ፐርሲ ስፔንሰር እጅ ምግብ ማሞቂያ ሆነ፤ ዛሬ በየቤቱ ያለው ምድጃ ሞገዱ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ሃይድሮጂንና ማይክሮዌቭ ከዚያም በፊት በተፈጥሮ የተዛመዱ ናቸው፤ በከዋክብት መካከል ያለው ሃይድሮጂን 21 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ እንደሚልክ በ1951 በመሣሪያ ተረጋግጧል፤ በ1960 የተሠራው የሃይድሮጂን ሰዓትም በዚሁ ሞገድ ይቈጥራል። በቤተ ሙከራ ደግሞ ሃይድሮጂን በኳርትዝ ቱቦ ተሞልቶ ማይክሮዌቭ ሲመታው ሐምራዊና ቀላ ያለ ብርሃን ይሰጣል፤ ይህን የጋለ ጋዝ ሊቃውንት ፕላዝማ ይሉታል።

አሜሪካዊው ራንደል ሚልስ ከ1991 ጀምሮ የሃይድሮጂን ኤሌክትሮን ከታወቀው የመጨረሻ ደረጃ በታች ሊወርድና በመውረዱም ብዙ ኀይል ሊሰጥ ይችላል እያለ ሲያስተምር፣ ባልደረቦቹን ይዞ ወደ ማይክሮዌቭ ዞረ። ምክንያቱን መረዳት ይገባል። የሃይድሮጂን ቀይ የብርሃን መሥመር ሲሰፋ አቶሞቹ በፍጥነት እየሮጡ መሆናቸውን ያሳያል፤ በተራ የኤሌክትሪክ ቱቦ ውስጥ ግን የቱቦው ቮልቴጅ ራሱ አቶሞቹን ሊያስሮጥ ስለሚችል ተቃዋሚው ወዲያው መልስ ያገኛል። ማይክሮዌቭ ያን የመሰለ የማይለዋወጥ መስክ ስለሌለው፣ በእርሱ ውስጥ መሥመሩ ቢሰፋ ክርክሩ ይጠብቅ ነበር። እነ ሚልስ ከሂልየም ወይም ከአርጎን ጋር በተቀላቀለ ሃይድሮጂን ሰፊ መሥመር አየን፣ በውኃ በሚሠራ የሙቀት መለኪያም ትርፍ ሙቀት አገኘን ብለው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጻፉ፤ ሌሎች ሊቃውንት በማይክሮዌቭ ደግመው ሲሠሩት የተባለውን ስፋት አላዩም፤ የፊዚክስ ምሁራንም በጠቅላላው ሐሳቡን አልተቀበሉትም። የሙቀቱም ሒሳብ ቢሆን ከባድ ነው፤ ማግኔትሮን ከግድግዳ ከወሰደው ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያደርገው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከፊሉ በብረቱ ይጠጣል፤ ቱቦውን የሚያቀዘቅዘው አየርም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ከእነዚህ አንዱን ያሳሳተ ሰው፣ ትርፍ ሳይኖር ትርፍ ያያል። እኔ በበኩሌ ሙከራው አይደረግ አልልም፤ ላንግሚውርም ያልተጠበቀ ነገር ስላየ ነው ያወቀው፤ ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ተስፋ አንድ ጊዜ እንኳ በተቃዋሚው ቤት ውኃ ካላፈላ፣ ሸክሙ በተናጋሪው ጫንቃ ላይ ነው።

በአዊ ሃይድሮጂን በሌላ መንገድም ይገኛል፤ ይህን ግን የሚያወሳው ጥቂት ነው። የዳንግላ ገበሬ በክረምት መግቢያ ተሰልፎ የሚወስደው ዩሪያ፣ ፍሪትዝ ሃበር በ1909 በከፈተው መንገድ ሃይድሮጂንና የአየር ናይትሮጅን ተዋሕደው የሚሠራ አሞኒያ ነው መነሻው፤ ሃይድሮጂኑም በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሚወጣ፣ ማዳበሪያው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ዲከረንሱ ግን ይህንኑ ሥራ በሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ጋር ሆኖ ያለ ነዳጅ ይሠራዋል፤ ናይትሮጅንን ከአየር ሲይዙም ጥቂት ሃይድሮጂን ወደ አፈሩ ይለቃሉ። ስለዚህ ከዛፉ በኋላ የሚዘራው ጤፍ የሚለማበት አንዱ ምክንያት ከመሬት በታች በጸጥታ የሚካሄድ ኬሚስትሪ ነው።

ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ በቻግኒ አልፎ ወደ ጉባ ይወርዳል፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ ግድብ በዚያ ነው፤ ከጣና ውኃ ወስዶ ወደ በለስ የሚለቀውም 460 ሜጋ ዋቱ ጣቢያ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። በዚህ ኤሌክትሪክ ውኃን ከፍሎ ሃይድሮጂን ማውጣት፣ ከሃይድሮጂኑም ማዳበሪያ መሥራት ይቻላል፤ አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ለማውጣት ግን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል፤ ተቃጥሎም ተመላሹ 33 ያህል ነው። እዚህም ትርፍ የለም፤ ያለው ኀይልን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ማሻገር ብቻ ነው።

ትርፍ ሊባል የሚችለው ነገር እንግዲህ በፋግታ ጢስ ውስጥ አለ። እንጨትን በጡብና በብረት በተሠራ ዝግ ምድጃ ውስጥ ሲያከስሉት፣ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ተመልሶ ከምድጃው ሥር ስለሚነድ፣ ከመቶ ኪሎ እንጨት 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ከሰል ሊገኝ ይችላል፤ ዓይን የሚያሳክከውም ጢስ ይቀንሳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዝገት በሽታ ቅጠሉን እያሳበጠና እያደረቀ ዲከረንሱን ስለ ጎዳው፣ ከአንድ ዛፍ ብዙ ማውጣት ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልግ ነበር። ይሁን እንጂ የአፈሩ ክምር በነጻ ይሠራል፤ ዛፉ ከወደቀበት ማሳም ይሄዳል፤ ዝጉ ምድጃ ግን ካንድ ቦታ የማይነሣ ስለሆነ፣ እርጥቡን ግንድ በትከሻና በጋማ ከብት ወደ እርሱ ማጓጓዝ ይጠይቃል። የከሰል ጆንያ ቀላል ነው፤ እርጥብ ግንድ ከባድ ነው፤ የትከሻውን ሒሳብ የሚያውቅ አክሳይ እስካሁን አካፋውን አልጣለም።